የአዞ ገበያ

ተረት ተረት!

የላም በረት ካላችሁኝ ልጀምር።

ከአርባ ምንጭ በታች፣ የኩልፎ ወንዝ ጫሞ ሐይቅ በሚገባበት አካባቢ፣ አዞ ገበያ የሚባል ቦታ አለ። ስሙን የሰማ እንግዳ ዳስና ሚዛን ይጠብቃል። ሄዶ ሲያየው ግን ሻጭ የለም፣ ገዢ የለም፤ አዞዎች ብቻ ዳር ዳሩን ተጋድመው፣ አፋቸውን በርግደው ፀሐይ ይሞቃሉ። የሳይንስ ሰዎች አፋቸውን የሚከፍቱት የሰውነታቸውን ሙቀት ለማብረድ ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ቦታው ድሮ የምር ገበያ ነበር።

በዚያ ገበያ ከሁሉም የተከበረው ጋሽ ሸማኔ ነው። ሸማኔ ስል ወፉን ማለቴ ነው፤ ያን ቢጫውን፣ ጎጆውን ከቅርንጫፍ ቁልቁል አንጠልጥሎ የሚሠራውን። ሙያውን ከላይ ከጨንቻ ተራራ ካሉት ዶርዜዎች ተማረ የሚሉ አሉ፤ የለም፣ እነሱ ናቸው ከእሱ የተማሩት የሚሉም አሉ። በዚህ ነገር ስንት ሽማግሌ ተኳርፏል፤ እኔ አልገባበትም።

የጋሽ ሸማኔን ጋቢ የሚገዛ ሰው ወሬ አያበዛም። ጫፉን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አድርጎ ያሸዋል። ወደ ፀሐይ ያነሣና ማጉ ከድሩ ጋር እኩል መግባቱን ያያል። ጠርዙን ሳብ አድርጎ ይለቀዋል፤ ጨርቁ ወደ ቦታው ሲመለስ ራሱን ይነቀንቃል። የማን እጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ጥለቱ ይናገራል። እትዬ ጉማሬ የምትለብሰው ቡሉኮ የአያቷ ነበር። መሃሉ ሳሳ እንጂ አልተቀደደም፤ እሷም ለልጅ ልጇ ልታወርሰው ቃል ገብታለች።

እንግዲህ በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ ከአውሮፓ የምትመጣ ሽመላ ነበረች። ክረምቱን እዚህ አሳልፋ (የእነሱን ክረምት ማለቴ ነው) መጋቢት ላይ ትመለሳለች። የሐይቁ ሰው ሁሉ እንደ ዘመድ ይጠብቃታል፤ በተለይ ሻንጣዋን። አንድ ዓመት ታዲያ ነጭ ባለኮሌታ ሸሚዝ ለብሳ መጣች። ደረቷ ላይ፣ በግራ በኩል፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ነገር ተለጥፋለች።

«እቴ ሽመላ፣ ምነው ደረትሽ ላይ እንሽላሊት ወጣብሽ?» አለች እትዬ ጉማሬ።

«እንሽላሊት አይደለም» አለች ሽመላ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ። «ብራንድ ነው።»

አያ አዞ ይህን ሲሰማ ከውኃው ብቅ አለ። ጠጋ ብሎ አየ። አፍ አለው፣ ጥርስ አለው፣ ጅራቱ ወደ ላይ ተቆልምሟል።

«እኔ ነኝ እንዴ?»

«አንተ እንኳ አይደለህም፤ ግን በአንተ ነው።»

ከዚያ ታሪኩን ነገረቻቸው፤ ይህ ክፍል ደግሞ ተረት አይደለም። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ረኔ ላኮስት የሚባል ፈረንሳዊ የቴኒስ ተጫዋች ነበር። ከቡድኑ አለቃ ጋር ተወራረደ፤ ጨዋታውን ካሸነፈ ከአዞ ቆዳ የተሠራ ሻንጣ ሊገዛለት። የአሜሪካ ጋዜጦች ወሬውን ሰምተው «አዞው» የሚል ስም አወጡለት። አንድ ወዳጁም አዞ ሣለለት፤ እሱም ኮቱ ላይ አስጠልፎ ሜዳ ገባ። በ1933 ከአንድ የሹራብ ፋብሪካ ባለቤት ጋር ተሻርኮ አዞዋ ደረቱ ላይ ያለችበት ሸሚዝ መሸጥ ጀመረ።

«ከምን ቆዳ የተሠራ ሻንጣ?» አለ አያ አዞ።

የመለሰለት የለም። አዞ ሞኝ አይደለም፤ አርባ ምንጭ አጠገብ ባለው እርባታ ለቆዳቸው ሲባል የሚያድጉ የእህቱ ልጆች አሉ። ግን እውነቱን ልንገራችሁና ብዙም ቅር አላለውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ስሙ ሲነሣ ሰው እግሩን ከውኃ ያወጣ ነበር። አሁን ስሙ ሲነሣ ሰው ደረቱን ይነፋል። ቆዳውን ረስቶ በመልኩ ተጽናና።

«ስንት ገዛሽው?» አለ አቶ ዝንጀሮ ከኋላ። እሱ ብቻ ነበር ቁም ነገሩን የጠየቀ።

ሽመላ ዋጋውን ነገረችው፤ ገበያው ጸጥ አለ። በቅናሽ ሰሞን በግማሽ ዋጋ እንደገዛችው ግን አልተናገረችም። ከውጭ የመጣ ዘመድ ይህን ሲናገር ሰምቼ አላውቅም።

በሳምንቱ ዝንጀሮ መርካቶ ወጣ። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ተሸክሞ ተመለሰና ከሾላው ሥር ቡቲክ ከፈተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ባወራችሁ ይመሻል። ከርከሮ ከነጭቃው ነጭ ሸሚዝ ለበሰ። አያ ጅቦም ሰምቶ ከሩቅ አገር መጣ። የድሮው ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ብሎ ነበር፤ ይኸኛው ግን ቁርበቱን ለብሶት ነው የመጣው፣ ያውም ስም ተጽፎበት። የጃኬቱ እጅጌ ላይ ያለውን ታግ አልገነጠለውም። የመነጽሩን ተለጣፊ ወረቀትም አላነሣውም፤ በአንድ ዓይኑ ነበር የሚያየው።

ከነጭ ሳር ሜዳ የሜዳ አህያ ወርዳ ሦስት መስመር ያለበት ቱታ ጠየቀች።

«አንቺ ልጅ» አላት አባ ኤሊ፣ «ከእናትሽ ማኅፀን ስንት መስመር ይዘሽ ወጣሽ?»

«የኔን ማን ያውቀዋል?» አለችው።

አባ ኤሊ ዝም አለ። እኔም እሱን ብሆን ዝም እል ነበር። ልጅቱ ቆንጆ መሆኗን ስታውቅ ኖራለች፤ ቆንጆ ነሽ ያላት ግን አልነበረም።

ሽመላ የሦስቱን መስመርም ታሪክ ታውቃለች። ሦስቱ መስመርና ዘላዩ ድመት የአንድ እናት ልጆች ናቸው አለቻቸው። ጀርመን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ጫማ አብረው ይሠሩ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ተጣሉና በፈረንጆቹ አንዱ በ1948፣ ሌላው በ1949 የየራሳቸውን ኩባንያ አቋቋሙ። ፋብሪካዎቻቸው ከወንዙ ወዲያና ወዲህ ሆነው ለአሥርተ ዓመታት ሲፎካከሩ ኖሩ።

«የኛዎቹስ ስንት ወንድማማች ተጣልቶ ምን አወጣ?» አለች እትዬ ጉማሬ።

የጭረቱን ነገር ግን ዝንጀሮ ደጋግሞ ነበር ያስወራት። ያቺን እንደ ማጭድ የጎበጠች የጫማ ምልክት በፈረንጆቹ 1971 የሣለቻት አንዲት ተማሪ ናት፤ የተከፈላትም 35 ዶላር ነው። ቆይቶ ኩባንያው የአክሲዮን ድርሻ ሰጥቷታል። «35 ዶላር!» ይላል ዝንጀሮ እየሣቀ። «አንዲት ጭረት!» ጋሽ ሸማኔ ግን አልሣቀም። መወርወሪያውን አስቀምጦ ጭረቷን በክንፉ ጫፍ አሸዋው ላይ ሣላት፤ ትንሽ አያት፣ አጠፋትም። «እጇ ጥሩ ነው» አለ።

አባ ኤሊ እንደ ሽማግሌ ሁሉ የሚጠቅሰው አንድ ሰው ነበረው። «አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው! በ1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ! 42 ኪሎ ሜትር! ምልክት ነበረው? የነበረው ተረከዝ ነው።» ይህን ሲል ሁልጊዜ ይጨበጨብለታል። በዚያ ቀን ግን ዝንጀሮ ጠበቀውና፣ «ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይስ?» አለው። ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ነበር። ጫማው ምልክት ነበረው። ሰዓቱም ከሮሙ በሦስት ደቂቃ ገደማ ፈጠነ። አባ ኤሊ አንገቱን ወደ ድንጋዩ ውስጥ መለሰ። እዚህ ላይ ለዝንጀሮ መፍረድ አለብኝ፤ ደህና ጫማ ደህና ጫማ ነው። ችግሩ ዝንጀሮ የሸጠው ጫማ አለመሆኑ ነው።

ምክንያቱም በዚያ ሰሞን እመት ጦጢት ሥራ ጀምራለች። ሌሊት ሌሊት በትንሽ የስፌት መኪና አዞ ትሠራለች። የእሷ አዞ አንዳንዴ አምስት እግር ይኖረዋል፤ አንዳንዴ ጥርሱ ክር ሲያልቅባት ይቀራል። ደንበኛዋ ይመጣል።

«ኦርጅናል ነው?»

«ኤ ዋን ነው።»

«ኤ ዋን ማለት ኦርጅናል ነው?»

«ከኦርጅናሉ በምን ይለያል?»

«በዋጋ።»

«እሱ ነው የጨነቀህ? አስወድድልሃለሁ።»

ከመሣቃችሁ በፊት የራሴን ልናዘዝ። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ፣ መስተዋቱ የሚያብረቀርቅ ሱቅ ገብቼ፣ «የመጨረሻው ዋጋ ነው፣ ኦርጅናል ነው» ተብዬ፣ የአንድ ወር የቤት ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ከፍዬ ጫማ ገዝቻለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ መታውና ምልክቱ ተላጠ። ከሥሩ የሌላ ኩባንያ ምልክት ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። በማስቲሽ መልሼ ለጥፌ እስከ ፋሲካ አደረግሁት። ስለዚህ አያ ጅቦን የማማው እንደ ዘመድ ነው።

ወደ ጋሽ ሸማኔ እንመለስ። መጀመሪያ ደንበኞቹ ቀነሱ። ቀጥሎ የመጡትም ጨርቁን ማሸት ተዉ፤ ገልብጠው ያያሉ።

«ጋሽዬ፣ ምልክቱ የት ነው?»

«ጥለቱ አለ አይደለም?»

«እሱማ አለ። ምልክቱን ነው ያልኩህ።»

ብሎ ብሎ የእሱ ጥለት ራሱ ከባሕር ማዶ ታትሞ መጣ። ቀለሙ የእሱ፣ አጣጣሉ የእሱ፤ ጨርቁ ግን አልተሸመነም፣ ሥዕል ነው። ዝንጀሮ አንዱን አምጥቶ አሳየው። ጋሽ ሸማኔ እንደ ልማዱ በሁለት ጣቱ መካከል አድርጎ አሸው፤ አሸው፤ የሚያገኘው ነገር አጣ። «መልኩ የኔ ነው» አለና መለሰለት። አዞ ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አልገባውም።

የጋሽ ሸማኔ የመጀመሪያ ልጅ ታዲያ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ትልቅ ሼድ ተከፈተ ሲባል ሰማና ወጣ። እዚህ ላይ ተረቴን ለአንድ አፍታ ላቁም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሲመረቅ፣ በዓለም ላይ ስማቸው የሚጠራ የልብስ ኩባንያዎች የሚሰፉበት ቦታ ነው ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ተስፋውም ከንቱ አልነበረም፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ሥራ አግኝተውበታል። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚያ ገንዘብ ከሚሰፉት ሸሚዝ ውጭ አገር ሱቅ ውስጥ አንዱን መግዛት ያስቸግራል። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በኅዳር 2014 ከትልልቆቹ አንዱ ፋብሪካውን ዘግቶ ወጣ፤ በታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የምታስገባበትን ዕድል ዘጋች። ለዚህ ተረት ማውጣት አያስፈልግም፤ የሆነው ብቻ በቂ ነው።

ልጁ አንድ ቀን ማታ ቤቱ ገባ። ከስቷል። አባቱ ምንም አልጠየቀውም፤ ከራት በኋላ ግን ጨርቅና መርፌ አቀረበለት።

«እስቲ የተማርከውን አሳየኝ። አንድ ሸሚዝ ስፋልኝ።»

ልጁ ጨርቁን ያዘ፣ አገላበጠ፣ አንዲት ጠባብ ቁራጭ ቆረጠ። በዓይን ጥቅሻ ሰፋው። ጠርዙ ቀጥ፣ ማዕዘኑ ስል፤ ጋሽ ሸማኔ እንዲህ ያለ ስፌት አይቶ አያውቅም። ከዚያ ልጁ መርፌውን አስቀመጠ።

«ቀጥል እንጂ።»

«ኮሌታ ነው የማውቀው አባባ። ሁለት ዓመት ኮሌታ ነው የሰፋሁት።»

«እጅጌውስ?»

«እሱ ሌላ መስመር ላይ ነው።»

«ምልክቱንስ ማን ነበር የሚለጥፈው?»

«እንጃ» አለ ልጁ። «እኔ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ባዶ ነበር።»

ጋሽ ሸማኔ ኮሌታውን አጥፎ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። አሁንም እዚያ አለ ይባላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አያ አዞ ገበያ የወጣው። ነገሩን ከአባ ኤሊ ጋር ሲመክርበት ቆይቷል፤ በአገሩ ላይ በመልኩ የሚሸጥ ሸሚዝ ካለ ከእያንዳንዱ ሸሚዝ አንድ አንድ ዓሣ ይገባዋል። ፍትሐዊ ጥያቄ ነበር፤ ከጥርሱ ጋር ሲታይ ደግሞ መጠነኛ። ታጥቦ፣ ጅራቱን አሳምሮ፣ ከውኃው ወጣ።

ዝንጀሮ ግን በዚያው ሰሞን ገበያውን አሳጥሮታል። በር ላይ ቁራ ቆሟል። ምልክት የሌለው አይገባም።

«አቤት፣ ምን ልርዳዎት?» አለ ቁራ።

«እኔ አዞው ነኝ።»

ቁራ ከላይ እስከ ታች አየው። ከዚያ አጠገቡ የተሰቀለውን ሸሚዝ አየ። መልሶ አዞውን አየ።

«አይመስልም» አለ።

ሰው ተሰበሰበ። ሸሚዙ ወርዶ ከአዞው ጎን ተያዘ። እውነትም አይመስልም። የሸሚዙ አረንጓዴ ነው፤ ይኸኛው የጭቃ መልክ ያለው፣ ግራጫም ቡናማም ያልሆነ ነገር። የሸሚዙ ጅራቱን ቀልበስ አድርጎ ይዟል፤ ይኸኛው መሬት ይጎትተዋል። የሸሚዙ ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ደረት ላይ የሚያምር፤ ይኸኛው ይሸታል።

«ይኸ ሦስተኛ ደረጃ ነው» አለች እመት ጦጢት። በዚህ ሙያ የእሷን ያህል የሚያውቅ ስላልነበረ ብዙዎች አመኗት።

አባ ኤሊ፣ «ኧረ በሕግ! ጋሽ ሸማኔ ይጠራና ይመስክር» አለ። ጋሽ ሸማኔ መጣ። ከአዞው ጀርባ ላይ አረፈ፣ ቅርፊቱን በሁለት ጣቱ አሸው፣ ከጅራት እስከ አንገት በእግሩ ሄደበት። ሲፈራም ይታይ ነበር፤ ክንፉ ዝግጁ ነው።

«እውነተኛ ነው» አለ። «ክንፌ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለ አያ ጅቦ ከኋላ፣ እጅጌውን ወደፊት አስቀድሞ። «አንተ ራስህ ምልክት የለህ!»

ሣቅ ሆነ። ጋሽ ሸማኔ ወርዶ ሄደ።

«አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል» አለ ዝንጀሮ፣ እንደ ዳኛ ድምፁን አለስልሶ። «የኦርጅናሉ አፉ ውስጡ ቀይ ነው። እስቲ ይክፈት።»

አያ አዞ አፉን ከፈተ። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ። ጥርሱን ያየ አልነበረም፤ ቀለሙን ነው የሚያዩት። ቀይ አልነበረም። ገርጣ ያለ ቢጫ ነገር።

«ኮፒ!» አለ ቁራ፤ ገበያውም ተቀበለው።

አዞ አፉን አልዘጋም። ምናልባት ፀሐይ ቢያገኘው ይቀላ እንደሆን ብሎ ዳር ላይ ተጋደመ። ዘመዶቹም ሰምተው አንድ አንድ እያሉ መጡ፣ ከጎኑ ተደረደሩ፣ አፋቸውን ከፈቱ። የሐይቁ ሰው መጀመሪያ ራቅ ብሎ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ ያልፋቸው ጀመር። ኮፒ መሆናቸው ከታወቀ ምን ያስፈራል? ልጆች ጅራታቸው ላይ ተቀመጡ።

አያ ጅቦ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ውኃ ሊጠጣ ወረደ። አዞዎቹ መካከል ገባ። በመነጽሩ በአንዱ ዓይን እያየ ጎንበስ አለ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ጃኬቱ ግን በማግሥቱ ዳር ላይ ተገኘ። ከአንድ ቁልፍ በስተቀር የጎደለው ነገር አልነበረም፤ የእጅጌው ታግ እንኳ እንዳለ ነው። ዝንጀሮ አጥቦ፣ ሾላው ላይ አስጥቶ፣ «ሳልቫጅ ነው፣ ግን ኦርጅናል» ብሎ ለከርከሮ ሸጠው።

አርባ ምንጭ ከሄዳችሁ ጀልባ ተከራይታችሁ ዛሬም ታዩዋቸዋላችሁ፤ እንደተደረደሩ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ናቸው። ፎቶ አንሡ። ደረታችሁ ላይ አዞ ቢኖርም ባይኖርም እጃችሁን ከጀልባው እንዳታወጡ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።